የተነቀለው መቅዘፊያ

ሰርካለም «በሕግ አምላክ!» ብላ ስትጮህ ኑዕማን ቆመ። ሌላው ልጅ፣ ክንዱ፣ ግን አልቆመም።

ኑዕማን ክንዱን ጭቃው ላይ አንጋሎ ደረቱ ላይ ተቀምጦበት ነበር። ለሌላ ቡጢ ያነሳው እጁ ድምፅዋን ሲሰማ አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብሎ ጭብጡን ፈታ፤ ከክንዱ ደረት ላይ ተነሳ፤ ሁለት እጆቹን ወደ ታች ለቀቀና ወደ እሷ ዞረ። ከንፈሩ ደምቷል፣ ያለከልካል። «እሽ፣ ይኸው ቆምሁ» አላት።

ክንዱ ከኋላው ተነሳ። እግሩ ሥር የወደቀውን አረንጓዴ መቅዘፊያ አነሳ፤ በጎን ዞሮ መጣና በሙሉ ኃይሉ ኑዕማን ፊት ላይ አሳረፈው።

ደረቅ እንጨት ሲፈለጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ኑዕማን አልጮኸም። ተንበረከከ፣ ከዚያ በጎኑ ወደቀ። ግማሽ አካሉ ባሕሩ ውስጥ ገባ፤ ውሃው ዙሪያውን ቀላ። ክንዱ ደገመው። ሁለተኛው ትከሻው ላይ አረፈ። ሦስተኛውን ሲያነሳ ሰርካለም ወገቡ ላይ ተጠመጠመችበት፤ በክርኑ ደረቷን ደቁሶ ጣላት።

«ክንዱ፣ ተው! ገደልኸው እኮ!»

ከላይ ከጠመዝማዛው መንገድ የእንግዶች ሳቅ ተሰማ። ክንዱ ቀና ብሎ አየ፣ መቅዘፊያውን ታቅፎ በሸምበቆው መሐል ሮጠ። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ብቅ ሲሉ ያዩት አንዲት ልጅ የአንድ ልጅ ራስ ከውሃ ውስጥ ጎትታ ጭኗ ላይ ስታስደግፍ ነበር። የልጁ ፊት ግማሹ ፊት አይመስልም።

ገደል ባሕር የሐይቁም የከተማዋም ስም ነው። ሐይቁ ክብ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጧል፤ ከተማዋ ጠርዙ ላይ። ከቡሬ በባጃጅ ይደረሳል፣ ወገብ ለሚችል። ነዋሪው አብዛኛው ጡረተኛ ነው፦ ከደምበጫ የመጡ መምህራን፣ ዕድሜያቸውን መሪ ሲያዞሩ የኖሩ ሾፌሮች፣ የፈረስ ቤት ብርድ ጉልበታቸውን የያዛቸው ገበሬዎች፣ የቀድሞ ወታደሮች። አየሩ ለደም ግፊት፣ ፍል ጠበሉ ለጉልበት ይበጃል ብለው ቤት ሠርተው ቀሩ። በዚች ከተማ ትልቁ ጠብ «የማን ግፊት ይበልጣል» የሚለው ክርክር ነው ተብሎ ይቀለድ ነበር።

ቅዳሜና እሁድ እንግዳ ይመጣል። ሁሉም ከመኪና ሲወርድ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «እዚህ ምን አለ የሚታይ?» ሰርካለም የትምህርት ቤቱ የአስጎብኚ ክበብ አባል ስለሆነች መልሱን እንደ ዳዊት ትወጣዋለች። ባሕሩን በጀልባ መዞር አለ። ከደብሩ ጫካ ጉሬዛ ሲዘል ማየት አለ። ጠርዙን በፈረስ መዞር፣ ጠበሉ ውስጥ እግር መንከር፣ ሲርብ ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ትኩስ ዓሣ ማኘክ። ከዘጠነኛ ክፍል እንደ እሷ አድርጎ የሚናገረው የለም፤ መምህሯም ይህን ብለዋታል።

ያን ዕለት የመጡት ከፍኖተ ሰላም ጡረታ የወጡ መምህራን ነበሩ። እሷ ጀልባ ልታዘጋጅ ቀድማቸው ወረደች። ሌሎቹ ቀዛፊዎች አንዳንዱ ባሕሩ መሐል፣ አንዳንዱ ከላይ መንገዱ ላይ እንግዳ ሲጠራ ስለነበር ዳሩ ላይ ክንዱና ኑዕማን ብቻ ነበሩ።

ቀዛፊዎቹ ተራ የሚይዙት መቅዘፊያቸውን ዳር ላይ ጭቃው ውስጥ በመትከል ነው። ቀድሞ የመጣ ፊት ይተክላል፤ ተከታዩ ከኋላው። ጠባቂ የለውም። ባለቤቱ ቁርስ ሊበላ ቢሄድ፣ ጀልባው የገባውን ውሃ ሲጨልፍ ቢውል መቅዘፊያው ተራውን ይጠብቅለታል። የተተከለ መቅዘፊያ መንቀል የሰው አጥር ከማፍረስ አይተናነስም። ያን ጠዋት ኑዕማን አረንጓዴውን መቅዘፊያ ፊት ተክሎ ጀልባውን ሲጨልፍ ክንዱ መጣና ነቅሎ ወረወረው፤ በቦታው የራሱን ቀይ ተከለ።

«ምን እያረግህ ነው?» አለው ኑዕማን።

«አርፍደሃል፤ ላሽ በል።»

«ከአንተ በፊት ነው የተከልሁ። ሰርካለም፣ አይተሻል አይደል?»

ሰርካለም አይታለች። ግን ክንዱ የአክስቷ ልጅ ነው፣ የምትኖረውም እነሱ ቤት ነው፤ ስለዚህ ጫማዋን አየች። ቀድሞ የገፈተረው ክንዱ ነው። ቀድሞ የወደቀውም እሱ ሆነ፤ ኑዕማን ከአባቱ ሱቅ ኩንታል በርበሬ ሲሸከም ያደገ ልጅ ነው።

እውነቱን ለመናገር ሰርካለም የጮኸችው ሕግ አሳስቧት አይደለም። የአክስቷ ልጅ እየተመታ ስለነበር ነው። ክንዱ ከላይ፣ ኑዕማን ከታች ቢሆኑ ኖሮ ትጮህ እንደነበር ራሷም እርግጠኛ አይደለችም። ከዚያ ወዲህ ሆዷን የበላት ይሄ ነበር።

ከእንግዶቹ አንዷ ከመምህርነታቸው በፊት ነርስ ነበሩ። ነጠላቸውን ቀደው የኑዕማንን ፊት ጠመጠሙ፤ ነጠላው ወዲያው ራሰ። በባጃጅ ወደ ቡሬ፣ ከዚያ ወደ ፍኖተ ሰላም ወሰዱት። መምህራኑ ጉሬዛውንም ባሕሩንም ሳያዩ ተመለሱ።

* * *

ሰርካለም ቤት ስትገባ ክንዱ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሏል። አረንጓዴው መቅዘፊያ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ጫፉ ላይ ደምና ፀጉር ተጣብቋል።

አክስቷ እናኑ መቅዘፊያውን አየች፤ ልጇን አየች። ምሳሩን አመጣች፣ መቅዘፊያውን ፈለጠችና ድንቹ የተጣደበት እሳት ውስጥ ከተተችው። ቀለሙ እየተንጨረጨረ ጥቁር ጭስ አወጣ። ድንቹ በዚያ እሳት በሰለ። ሰርካለም አልበላችም።

«ቢላ መዘዘብኝ» አለ ክንዱ።

«የት አለ ቢላው?» አለች ሰርካለም።

«ባሕሩ ውስጥ ገባ።»

«ክንዱ፣ እኔ እኮ እዚያው ነበርሁ።»

ተስፈንጥሮ ተነሳና አንገቷን አንቆ ከግድግዳው አጣበቃት። ጣቱ ገና ጭቃ ጭቃ ይሸታል። «ነበርሽ። ስለዚህ ቢላውን አይተሻል» አላት። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ ብቻ ሳይሆን ፍርሃትም ነበር፤ ፍርሃቱ ደግሞ ከቁጣው ይብስ ነበር። ትንፋሽ ሲያጥራት እጁን ቧጠጠችው።

«ልቀቃት» አለች እናኑ ድምፅዋን ሳታነሳ። ለቀቃት።

አክስቷ አጠገቧ ተቀመጠችና አንገቷ ላይ የቀረውን ምልክት በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችላት። «ሰርኬ፣ እናትሽ ስትሞት በዚች እጄ ነው የተቀበልሁሽ። ይች ቤት በክንዱ ጀልባ ነው የምትተነፍስ። እሱ ከታሰረ አንችም እኔም ምን እንበላለን? አንች ያየሽው ነገር የለም። አየሁ ካልሽም ያየሽው ቢላ ነው።»

«እትዬ፣ ልጁ ቆሞ ነበር።»

«ይሁና» አለች እናኑ። «የእኔ ልጅ ግን ይኸው ነው።»

ሰርካለም አክስቷን ትወዳታለች። ያን ቀን ግን ፈራቻት።

* * *

ሰኞ ክፍል ውስጥ የኑዕማን ቦታ ባዶ ነበር። እህቱ ፈሂማ ግን መጣች። ፈሂማና ሰርካለም አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ አንዷ ሒሳብ፣ አንዷ እንግሊዝኛ እየተበዳደሩ ነው ዓመቱን የሚገፉት።

«መንጋጋው ተሰብሯል» አለች ፈሂማ መጽሐፏን ሳትከፍት። «በሽቦ አስረውታል፤ መናገር አይችልም። ግራ ዓይኑን እንጃ ብለዋል። አልጋው አጠገብ ፖሊስ ቁጭ ብሏል። ሊጠብቀው እንዳይመስልሽ። ትንሽ ሻል ሲለው ሊወስደው ነው፣ ቢላ መዝዟል ተብሎ።»

ሰርካለም እስክሪብቶዋን ከፈተች፣ ዘጋች።

«አንች ከታች ነበርሽ አሉ» አለች ፈሂማ።

«ዘግይቼ ነው የደረስሁ።»

ፈሂማ ረዘም አድርጋ አየቻት። የሰርካለም አንገት ላይ የጣት ምልክቱ ገና አልጠፋም፤ ኮሌታዋን ሳብ አደረገችው። ፈሂማ ሌላ አልጠየቀችም። ብትጠይቃት ይሻላት ነበር።

በእረፍት ሰዓት አንዱ የአሥረኛ ክፍል ልጅ «የባለ ቢላው እህት መጣች፣ ኪሳችሁን ጠብቁ» ብሎ ሙድ ያዘባት። ልጆቹ ሳቁ። ፈሂማ የምሳ ዕቃዋን በሙሉ ክንዷ አዙራ አፉ ላይ አሳረፈችለት። ልጁ ደሙን ተፍቶ ድንጋይ አነሳ፤ ድንጋዩ ግንባሯን አገኘው። ጥበቃው ፊሽካ እየነፋ ደርሶ ሲለያያቸው ፈሂማ አላለቀሰችም። ሰርካለም በሹራቧ እጅጌ ግንባሯን ልትጠርግላት ተጠጋች።

«ተይኝ» አለቻት። «አንች ዘግይተሽ ነው የምትደርሽ።»

ሳምንቱ እንዲህ ቀጠለ። የኑዕማን አባት የአቶ ኢስሃቅ ሱቅ መስታወት በድንጋይ ተሰበረ፤ የኑዕማን እናት ወይዘሮ ሙስሊማ ጎንበስ ብለው ስብርባሪውን ሲጠርጉ ሰርካለም በዚያ አለፈች። ሰላምታዋን በአክብሮት መለሱላት። እሱ ደግሞ ከስድብ በላይ አቃጠላት። የኑዕማን ጀልባ በምሳር ተቀዶ ጠዋት ባሕሩ ዳር ሰምጦ ተገኘ። ማን እንደሰበረ፣ ማን እንደቀደደ የሚናገር አልነበረም። በሁለት ልጆች የተጀመረው ጠብ አሁን የሁለት ቤት ሆኗል፤ ሽማግሌዎቹ የሁለት ሰፈር ሳይሆን ለማቆም ቅዳሜን ቀጠሩ።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሃምሳ አለቃ ወልደ ዮሐንስ ከበራቸው ላይ ጠሯት። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ ሰው የሚለዩት በድምፅና በእግር ኮቴ ነው። ቤታቸው ከጀልባ ማረፊያው በላይ ነው። የሰፈሩን ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምረው ያስተማሩት ትምህርት አንድ ነው፦ በሕግ አምላክ ከተባለ እንኳን ሰው የሚፈስ ውሃ ይቆማል። ልጆች አባሮሽ ሲጫወቱ ሳይቀር ይህን የሰማ ባለበት ይደርቃል።

«ማነሽ?»

«ሰርካለም ነኝ፣ አባባ።»

«ድምፅሽንማ አውቀዋለሁ» አሉ። «ያን ዕለት ከዚች በር ልወጣ አንድ እግሬን አንስቼ ነበር። ያን ቃል ስሰማ ሳላሳርፈው ቀረሁ። ሽማግሌ አይደለሁ፣ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ።» ትንሽ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉት። «የጮኸችው ሴት ልጅ ናት። ማን ናት አልልሽም። አንድ ነገር ብቻ ነው ማወቅ የምፈልገው። ያ የኢስሃቅ ልጅ ቆሟል ወይስ አልቆመም?»

«አላየሁም፣ አባባ።»

«እሽ» አሉ። ከዘራቸውን አሻሹ። «እኔ በወታደርነቴም በመንደሬም ስንት ቢላ በዚች ቃል ሲወድቅ አይቻለሁ። ቃሉን የሰማ ይቆማል፤ የቆመ አይመታም ብሎ ስለሚያምን ነው። ልጁ ቆሞ ከተመታ ግን፣ ልጄ፣ ከእንግዲህ የሚቆምልን አናገኝም።»

ሰርካለም ደህና ይዋሉ ሳትላቸው ሄደች።

* * *

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ጀልባ ማረፊያው ላይ ድንጋያቸውን ይዘው ተቀመጡ። ቀዛፊዎቹ መቅዘፊያቸውን በተራ ተክለው ቆመዋል፤ ሥራ ያለ ለማስመሰል ነው እንጂ ያን ቀን ጀልባ የሚያስብ አልነበረም። አቶ ኢስሃቅ እጃቸውን አጣምረው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። እናኑ ሰርካለምን ከጎኗ አስቀምጣ ክንዷን ይዛታለች።

ክንዱ ተነስቶ ተናገረ። ቢላው እጀታው ጥቁር ነበር አለ። ኑዕማን «ዛሬ እዘረግፍሃለሁ» ብሎ ነበር አለ። እሱ ነፍሱን ለማዳን ብቻ መቅዘፊያ አነሳ። ታሪኩን ሳምንቱን ሙሉ ስለደጋገመው አሁን እሱም ሳያምነው አልቀረም፤ ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

«ምስክር አለህ?» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«ሰርካለም አይታለች።»

ሁሉም ዞሮ አያት። የአክስቷ ጣቶች ክንዷን ጠበቅ አደረጉት። ሰርካለም አፏን ልትከፍት ስትል ባጃጅ ከላይ ቁልቁል እየተንደረደረ መጥቶ ጭቃው ጫፍ ላይ ቆመ። የኑዕማን ታላቅ ወንድም ማህዲ ፌሮ ብረት ይዞ ወረደ።

«ወንድሜ ዛሬ ጠዋት ሽቦውን አላልተውለት ተናገረ» አለ እየመጣ። «ቆሞ ነው የተመታ። ሰምታችኋል? በሕግ አምላክ አሉኝ፣ ቆምሁ፣ መታኝ አለ። ዓይኑ ጠፍቷል።»

«ማህዲ፣ ና ቁጭ በል» አሉ አባቱ። አልሰማም።

ክንዱ ቀይ መቅዘፊያውን ነቀለ። ማህዲ ደረሰ። የመጀመሪያውን ብረት ክንዱ በመቅዘፊያው መከተ፤ እንጨቱ ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ጭኑ ላይ አረፈ፣ ክንዱ አገሳ። በስንጥቁ ጫፍ የማህዲን ጉንጭ ተለተለው። የተተከሉት መቅዘፊያዎች አንድ በአንድ ከእግራቸው ሥር ተረጋገጡ። ቀዛፊዎቹ ወደ ኋላ ሸሹ፤ ለመገላገል የገባው አንዱ ብረቱ ጆሮውን ጨርፎት ጭንቅላቱን ይዞ ወጣ። ሴቶች ዋይ አሉ።

ሃምሳ አለቃ ተነሱ። «በሕግ አምላክ!» ድምፃቸው እንደ ወጣት ወጣ።

ማንም አልቆመም።

«በሕግ አምላክ ብያለሁ!»

ማህዲ ሳይዞር «ለወንድሜ ንገሩት!» አለና ብረቱን አነሳ። ሽማግሌው በከዘራቸው እየዳሰሱ መሐል ገቡ። ከሁለቱ የማን ትከሻ እንደመታቸው አልታወቀም፤ በጀርባቸው ወደቁ፤ ከዘራቸው ባሕሩ ላይ ተንሳፈፈ። ነጭ ጋቢያቸው ጭቃ ለበሰ። እሳቸው ላይ ተረማምደው ጠቡ ቀጠለ።

ሰርካለም ያንን ስታይ በኀፍረት ነደደች። ሳምንቱን ሙሉ የፈራችው ክንዱን ነበር፣ አክስቷን ነበር፣ ረሃብን ነበር። አሁን የሚያስፈራው ሌላ ነበር፦ ቃሉ ሞቷል፣ የገደለችውም እሷ ናት። ክንዷን ከአክስቷ እጅ መንጭቃ ሮጠች።

መሐላቸው ስትገባ የማህዲ ብረት እየወረደ ነበር። ክንዷን ወደ ላይ አነሳች። ሕመሙ እስከ ጥርሷ ደረሰ፤ ግን አልወደቀችም። ማህዲ ሴት ልጅ መምታቱን አይቶ ደነገጠ፤ ብረቱን ግን አልጣለም።

«እኔ ነኝ!» አለች። «በሕግ አምላክ ያልሁት እኔ ነኝ። ኑዕማን ሰማኝ፣ ተነሳ፣ እጁን ለቀቀ። ይኸው ቆምሁ አለኝ። ክንዱ ቆሞ እያለ ነው የመታው። በራሱ በኑዕማን መቅዘፊያ ነው የመታው፤ ተራውም የኑዕማን ነበር። መቅዘፊያውን ቤታችን አነደድነው። ቢላ አልነበረም።»

ከባሕሩ ማዶ የደብሩ ጫካ ውስጥ ጉሬዛዎቹ ይጮኻሉ። የማህዲ ክንድ ቀስ እያለ ወረደ፤ ብረቱ ጭቃው ውስጥ ተሰካ። ይህን ለመስማት እንደመጣ ያወቀው አሁን ይመስላል። ጉንጩ ላይ የሚወርደውን ደም ሳይጠርግ ማልቀስ ጀመረ።

ሰርካለም ወደ ክንዱ ዞረች። የተሰነጠቀውን መቅዘፊያ ከራሷ በላይ አንስቶ ነበር። ፊቱ ቀልቷል።

«ውሻ» አላት። «ያበላሁሽን።»

ያን ዕለት ስትጮህ ስም አልጠራችም ነበር። ሰምቶ ለራሱ የወሰደው ኑዕማን ብቻ ነው። የተሰበረ ክንዷንም ደህናውንም እጇን ወደ ታች ለቀቀች፤ ልክ ኑዕማን እንደቆመው ቆመች። መሮጥ ፈልጋለች። እግሯ ሁሉ መሮጥ ፈልጓል።

«ክንዱ» አለች፣ ሳትጮህ። «ክንዱ፣ በሕግ አምላክ።»

ዓይኗን አልጨፈነችም። መቅዘፊያው እዚያው ላይ ቆየ፤ ውሃ ከጫፉ እየተንጠባጠበ ግንባሯ ላይ ወደቀ። ክንዱ አንገቷን አየ፤ እሱ ራሱ ያነቀው ቦታ ገና ቢጫ ነበር። ከዚያ መቅዘፊያውን አወረደና ጭቃው ውስጥ ሰካው፤ መቆም እንዳቃተው ሰው ተደገፈበት። ፖሊስ ጥሩ ያለ ሰው ነበር፣ ማንም ግን አልተንቀሳቀሰም።

«ሰርኬ» አለች እናኑ ከኋላ። አንድ ጊዜ ብቻ። ሰርካለም ስትዞር አክስቷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ጀርባዋን ሰጠቻት።

ሃምሳ አለቃን ሁለት ሰዎች ደግፈው አስቀምጠዋቸዋል። ጭቃ የለበሰ እጃቸውን ወደ ድምፅዋ ዘረጉ። «ቆመ?» አሉ።

«ቆመ፣ አባባ።»

«የፊተኛውስ?»

«እሱም ቆሞ ነበር።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

አቶ ኢስሃቅ ሻሻቸውን ከራሳቸው ፈትተው የሰርካለምን ክንድ ከአንገቷ ጋር አሰሩላት። «ሐኪም ቤት እንወስድሻለን፣ ልጄ» አሉ። «ከዚያ በኋላ ያለውን አንችው ታውቂያለሽ። እኛ አናስገድድሽም።»

ማህዲ ግን ያባቱን ያህል ትዕግሥት የለውም። «ይህን ቡሬ ፖሊሱ ፊት ትደግሚዋለሽ?» አላት።

ሰርካለም ወደ አክስቷ አየች። እናኑ አልዞረችም። ዛሬ ማታ የት እንደምታድር አታውቅም፤ ልብሷም ደብተሯም እዚያ ቤት ነው። ክንዱ መቅዘፊያውን እንደተደገፈ ነው። አልሮጠም፣ የያዘውም የለም። ባጃጁ ውስጥ ገባችና ለማህዲ ቦታ ለቀቀችለት።

ባጃጁ እያቃሰተ ዳገቱን ወጣ። በየጉድጓዱ ሲዘል ክንዷን ይጠዘጥዛታል፤ ማህዲ በየጊዜው «ቀስ» ይለዋል ነጂውን። ጠርዙ ላይ ሲደርሱ የእንግዶች አውቶቡስ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል፤ የአውቶቡሱ ነጂ ባሕሩን ከጠርዙ ለማየት ወርዷል። አንዲት አሮጊት በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው የታሰረ ክንዷን ሳያስተውሉ ፈገግ አሉላት።

«ልጄ፣ እዚህ ምን አለ የሚታይ?»

አፏ በልማድ ተከፈተ። ጉሬዛው፣ ፈረሱ፣ ፍል ጠበሉ፣ ትኩሱ ዓሣ ሁሉ ምላሷ ላይ መጣ።

«ባሕሩ አለ፣ እማማ» አለች። ሌላውን ተወችው። «የሚያስጎበኛችሁ ሌላ ሰው ይመጣል። እኔ ያየሁትን ልናገር ቡሬ ልሄድ ነው።»

አሮጊቷ ግራ ተጋብተው «መልካም መንገድ» አሏት። የአውቶቡሱ ነጂ ተመልሶ መኪናውን ወደ ጎን ፈቀቅ አደረገ። ሰርካለም ደህናውን እጇን ሰዳ የባጃጁን ነጂ ትከሻ ነካ አደረገችው።

«ንዳው» አለችው።